አደራ የተቀበለ ሰርቨር፦ የኢሜይል አገልግሎትን በተጣመሩ ማሽኖች ላይ ሳይቋረጥ ስለማቆየት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



ንግግሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም የኢሜይል አገልግሎቱ እየተቋረጠ ስላስቸገረው መላ እንድፈልግለት ጠየቀኝ። ተቋሙ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚገለገለው በአንድ አሮጌ ሰርቨር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ባለሙያው መጥቶ እስኪያስነሳው ድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ያልፋል፤ ሠራተኛውም ያማርራል። እኔም «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ሁለት አዳዲስ ማሽኖች አስገዝቼ አንዱ ሲወድቅ ሌላው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲተካው አድርጌ አጣመርኳቸው። አንዱን በሥርዓቱ አጥፍቼ ሌላው ሲረከበው ለኃላፊዎቹ አሳየሁ። ተጨበጨበልኝ፤ አስረክቤ ወጣሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ ማታ ዕቃ ሲያስተካክል የነበረ ሠራተኛ በሁለቱ ማሽኖች መካከል የተዘረጋውን ገመድ ሳያውቅ ነቀለው። ልብ በሉልኝ፤ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱም አልወደቀም። ነገር ግን እያንዳንዱ የጓደኛውን ድምፅ መስማት ስላቆመ «ጓደኛዬ ሞቷል፤ ሥራው የእኔ ነው» ብሎ ደመደመ። ሁለቱም አንዱን የአይፒ አድራሻ «የእኔ ነው» ብለው አወጁ፤ ራውተሩም በመጨረሻ የሰማውን እያመነ ደብዳቤውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ላከ። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ እያንዳንዱ በራሱ ዲስክ ላይ የየራሱን ታሪክ ጻፈ። ሰኞ ገመዱ ወደ ቦታው ሲመለስ ሁለቱ ዲስኮች አንታረቅም አሉ። የተቋሙ ወጣት ባለሙያ አንድ መመሪያ አገኘና፣ መመሪያው እንደሚለው፣ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ጣለው።

በተጣለው ቅጂ ውስጥ ከነበሩት መካከል የአንዲት ወጣት የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ይገኝበት ነበር። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን እሑድ ነበር። ልጅቱ በሳምንቱ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ የላከችበት መሥሪያ ቤት የሜይል ባለሙያ ከሰርቨሩ መዝገብ አውጥቶ የሰጣት ነው። በወረቀቱ ላይ ከተቋሙ ሰርቨር የመጣው መልስ ሰፍሯል፤ ቁጥሩ 250 ነው፤ ትርጉሙም «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። ተቋሙ በበኩሉ «ምንም አልደረሰንም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ኮሚቴው ወረቀቱን ተመልክቶ ማመልከቻዋን ዳግመኛ ተቀበለላት። ወረቀት ይዘው ያልመጡት ግን የተቀበላቸው ሰው አልነበረም።

ያ አሮጌ ሰርቨር በየሳምንቱ ይወድቅ እንጂ አንድ ደብዳቤ አጥፍቶ አያውቅም ነበር። ደብዳቤ ማጥፋት የጀመረው እኔ «እንዳይወድቅ» ብዬ ያሠራሁት ሥርዓት ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ አንድ ማሽን ያላጠፋውን ሁለት ማሽኖች ለምን አጠፉት?

ለመመለስ ኢሜይል ከሌሎች አገልግሎቶች በምን እንደሚለይ ማየት ያስፈልጋል። የኢሜይል መተላለፊያ ሥርዓት የሆነውን ኤስኤምቲፒን ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነግገው፣ የዚያ ዘመን መስመሮች በየጊዜው የሚቆራረጡ ነበሩ። ስለዚህም ሥርዓቱ ከመነሻው መቋረጥን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ የተሠራ ነው። ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣው ደብዳቤውን በወረፋ ያቆየዋል፤ ቆይቶም ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ዛሬ የምንሠራበት ድንጋጌ በሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ ቢቆይ፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ቢታገሥ ይበጃል ይላል። ፖስትፊክስ የተባለው የታወቀ የሜይል ሶፍትዌር ካልነካችሁት 5 ቀን ይጠብቃል። እንግዲህ የዚያ ተቋም ሰርቨር ለሦስት ሰዓት ሲጠፋ በዓለም ዙሪያ ያሉ ላኪዎች ሁሉ ደብዳቤውን ይዘው ይጠብቁት ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ዘገየ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ትዕግሥት ግን የሚያበቃበት ቅጽበት አለ። ተቀባዩ 250 ብሎ ሲመልስ ላኪው የራሱን ቅጂ ይሰርዛል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ቅጂ በተቀባዩ እጅ ነው። ድንጋጌው ይህን በማያሻማ ቋንቋ አስቀምጦታል፦ 250 ያለ ሰርቨር ደብዳቤውን የማድረስ፣ ማድረስ ካልቻለም ለላኪው የማሳወቅ ኃላፊነት ወስዷል፤ ማሽኑ ኋላ ላይ መውደቁ ብቻውን ደብዳቤውን ለማጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንለትም። እኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፤ አደራ እንለዋለን። ፖስትፊክስን የጻፈው ቪትሰ ቬኔማ ይህን አጥብቆ ስለተረዳው ሶፍትዌሩ ደብዳቤውን በእርግጥ ዲስክ ላይ ሳያሰፍር 250 አይልም።

ስለዚህ «አለመቋረጥ» የምንለው ነገር ለኢሜይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በር ክፍት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው አደራ አለመበላቱ ነው። የመጀመሪያው በመቶኛ ይለካል፦ በዓመት 99.9 በመቶ ክፍት የሆነ አገልግሎት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይዘጋል፤ 99.99 በመቶ ያለው 53 ደቂቃ ገደማ ይዘጋል። ሻጮች የሚነግሯችሁ ስለዚህኛው ነው። ሁለተኛው መቶኛ የለውም። እኔ ለመጀመሪያው ስል ሁለተኛውን ሠዋሁት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በሀገራችን ደብዳቤ ወደ ቤት አይመጣልንም፤ የፖስታ ሣጥን እንከራያለን። በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ደብዳቤ የሚቀበሉ አሥር ሠራተኞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ቢታመም ወረፋው ይረዝማል እንጂ ችግር የለም። የእናንተ ሣጥን ግን አንድ ቦታ፣ አንድ ቁጥር ነው። ሣጥናችሁ በሁለት ፖስታ ቤት ቢሆን፣ ደብዳቤ የትኛው ውስጥ እንደገባ እያሰባችሁ በሁለቱ መካከል ስትመላለሱ ትኖራላችሁ። የሜይል ሰርቨርም እንዲሁ ሁለት ክፍል አለው፦ መስኮትና ሣጥን።

መስኮቱን ማብዛት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በዲኤንኤስ ውስጥ ኤምኤክስ የሚባል መዝገብ አለ፤ ለአንድ ስም የሚቀበሉ ሰርቨሮችን ከነቅደም ተከተላቸው ይዘረዝራል። እኩል ቅድሚያ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ማሽኖች ብትመዘግቡ ላኪዎች ራሳቸው ይከፋፈሏቸዋል፤ አንዱ ካልመለሰ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ምንም ዓይነት የክላስተር ሶፍትዌር አያስፈልግም። በነገራችን ላይ፣ «ዋናው ሲጠፋ ብቻ የሚሠራ» ተብሎ ዝቅተኛ ቅድሚያ የሚሰጠው ተጠባባቂ ኤምኤክስ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው። ማጣሪያው ደካማ መሆኑን አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ስለሚያውቁ ሆን ብለው በእሱ በኩል ይገባሉ። ላኪው ራሱ አምስት ቀን የሚጠብቅ ከሆነ ተጠባባቂው ምን ይጨምራል? ከዋናው እኩል የማትጠብቁት በር አትክፈቱ።

በመስኮቱም ቢሆን አንድ ጥንቃቄ አለ። እያንዳንዱ ማሽን የተቀበለውንና ገና ወደ ሣጥን ያላስገባውን ደብዳቤ በራሱ ወረፋ ይይዛል። ማሽኑ ከወደቀ ያ ወረፋ አብሮት ይወድቃል፤ የያዘው ደግሞ አደራ ነው። የወረፋው ዲስክ ቢያንስ ጥንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ፖስትፊክሶች ግን በአንድ ጊዜ አንድ ወረፋ ሊጋሩ አይችሉም። የወረፋውን ፋይሎች ወደ ሌላ ማሽን መቅዳት ቢያስፈልጋችሁም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይገጥማችኋል፦ ፖስትፊክስ የወረፋ ፋይሎቹን የሚሰይመው ፋይል ሥርዓቱ ውስጥ ባላቸው የአይኖድ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ተራ ቅጂ ስሙንና ቁጥሩን ያለያያቸዋል። ፖስትሱፐር በሚባለው መሣሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዲስኩን ከነመዋቅሩ ብሎክ በብሎክ የሚያባዛ ዘዴ ከተጠቀማችሁ ግን ችግሩ አይፈጠርም።

ከባዱ ሣጥኑ ነው። ዳንኤል በርንስታይን ለኪውሜይል ባበጀው ሜይልዲር በተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ራሱን የቻለ ፋይል ነው፤ ስሙም በሌላ ማሽን ከሚወጣ ስም ጋር እንዳይጋጭ ተደርጎ ይወጣለታል። በመሆኑም ሁለት ማሽኖች ያለ ቁልፍ በአንድ ሣጥን ውስጥ ደብዳቤ ቢጨምሩ አይጎዳም። ይህን የሰማ ተማሪ ወዲያው «እንግዲያውስ ሣጥኖቹን በጋራ የኔትወርክ ዲስክ ላይ አድርገን ሁለቱንም ማሽኖች እናሠራ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ችግሩ ደብዳቤውን የምናነብበት ዶቭኮት ለፍጥነት ሲል ከደብዳቤዎቹ ጎን የማውጫ ፋይሎችን መያዙ ነው። አንዱ ማሽን ማውጫውን ሲያድስ ሌላው አሮጌውን ቅጂ በማስታወሻው ይዞ ከሆነ ማውጫው ይበላሻል፤ ተጠቃሚውም ያነበበው ደብዳቤ ያልተነበበ ሆኖ፣ የሰረዘው ተመልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ብቻ መስተናገድ አለበት። ዶቭኮት ለዚህ ዳይሬክተር የሚባል ክፍል ነበረው፤ ሣጥንን ከሣጥን የሚያባዛም መሣሪያ ነበረው። ሁለቱም ከ2.4 እትም ጀምሮ ወጥተዋል፤ የቆዩ መመሪያዎችን የምታነቡ ተጠንቀቁ።

ለመካከለኛ ተቋም እኔ ዛሬም የምመርጠው ያንኑ ያጠፋሁበትን መንገድ ነው፤ የመረጥኩት መንገድ ሳይሆን አካሄዴ ነበር ስሕተቱ። አንዱ ማሽን ይሠራል፤ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በመካከላቸው ከሊኑክስ ከርነል 2.6.33 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ዲአርቢዲ አለ፤ በአንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ብሎክ በሌላውም ላይ ይጽፋል። ዲአርቢዲ ሦስት ዓይነት አሠራር አለው። በ«ኤ» ብሎኩ በራሱ ዲስክ ላይ ከተጻፈና ወደ ጓደኛው መላክ ከጀመረ «ተጽፏል» ይላል፤ በ«ቢ» ጓደኛው በማስታወሻው መያዙን ይጠብቃል፤ በ«ሲ» ጓደኛው በዲስኩ ላይ መጻፉን ይጠብቃል። ከአደራው አንጻር ምርጫው አንድ ብቻ ነው። በ«ሲ» ፖስትፊክስ 250 ከማለቱ በፊት ደብዳቤው በሁለት ዲስክ ላይ ሰፍሯል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ገመዱን ተሻግሮ እስኪመለስ ይጠበቃል። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህ አይሰማም፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ ይከፍለዋል።

ከዲአርቢዲ በላይ ሁለት ሶፍትዌሮች አሉ። ኮሮሲንክ በማሽኖቹ መካከል የልብ ትርታ ያመላልሳል፤ ፔስሜከር ደግሞ ማን ምን ይሥራ የሚለውን ይወስናል። ቅደም ተከተሉ ግትር ነው፦ መጀመሪያ ዲስኩ ወደ ዋናነት ይሸጋገራል፣ ከዚያ የፋይል ሥርዓቱ ይጫናል፣ ከዚያ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ይነሣሉ፣ በመጨረሻ አድራሻው ይታወጃል። ለማቆም ይህ ይገለበጣል። አድራሻው ከአገልግሎቱ ቀድሞ ቢመጣ እንኳ ላኪው በሩን ዘግቶ ያገኘዋል፤ ተመልሶም ይሞክራል። ፖስትፊክስ ዲስኩ ሳይጫን ቢነሣ ግን ባዶ ማውጫ ውስጥ ደብዳቤ መቀበል ይጀምራል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁሉም ደህና ይመስላልና።

አሁን ወደ ተነቀለው ገመድ ልመለስ። አንድ ማሽን የጓደኛውን ትርታ ሲያጣ ሁለት ትርጓሜ አለው፦ ጓደኛዬ ሞቷል፣ ወይም በመካከላችን ያለው መንገድ ተቆርጧል። ሁለቱ ከውስጥ ሲታዩ ፍጹም አንድ ናቸው። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት የታወቀ ማረጋገጫ፣ መልእክት የሚደርስበት የጊዜ ገደብ በሌለበት ሥርዓት አንድ ማሽን እንኳ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ፣ በዕድል ላይ ያልተመሠረተ የትኛውም ስልት ሁልጊዜ ወደ ስምምነት እንደሚያደርስ ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል አሳይተዋል። የዚህ ውጤት የቲዎሪ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ማሽን ቢሆን ምልዓተ ጉባኤ ይረዳናል፤ ሁለቱ የሚሰማሙ ከሆነ ብቸኛው ሥራውን ያቆማል። ሁለት ማሽን ሲሆን ግን የሁለት አብላጫ ሁለት ነው። ከሁለት አንዱ ሲወድቅ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም። ለዚህ ነው ኮሮሲንክ ለሁለት ማሽን ብቻ የሚሆን ልዩ ቅንብር ያለው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀር እንኳ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ያለ አንድ ቅድመ ሁኔታ ለሁለት አባወራ የአንድ ቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ቅድመ ሁኔታው ስቶኒዝ ይባላል፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ሲሆን ጭካኔ ያዘለ ቀልድ ነው፦ «ሌላኛውን ማሽን ግንባሩን በለው» እንደ ማለት ነው። አንድ ማሽን ሥራውን ከመረከቡ በፊት የጓደኛውን ኤሌክትሪክ በእርግጥ ቆርጦ፣ መቆረጡንም አረጋግጦ መሆን አለበት። ጓደኛዬ ሞቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲሞት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ያበቃል።

ፔስሜከር ይህ ሳይሟላለት አገልግሎት አላስነሣም ብሎ ይከራከራል። የጀማሪ መመሪያዎችም «ለጊዜው ይጥፋ» የሚል አንድ መስመር ያስጽፉና ክርክሩን ያስቆማሉ። ያን መስመር በዚያ ተቋም ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ለጊዜው ብዬ ጻፍኩት፤ ሥራው ሲሠራ አየሁና ረሳሁት።

ስቶኒዝን ስታሟሉ በእኛ ሀገር ሁኔታ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው በሰርቨሩ ውስጥ አብሮ በተሠራው አይፒኤምአይ የተባለ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መቆጣጠሪያ መብራቱን የሚያገኘው ከዚያው ከሰርቨሩ ነው። የአንዱ ማሽን መስመር ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ካጣ መቆጣጠሪያውም ዝም ይላል፤ የቀረው ማሽን «ልቆርጠው አዘዝኩ፤ መልስ የለም» ብሎ ይቆማል፤ አገልግሎቱም ይቆማል። ተማሪዎቼ ይህን እንደ ብልሽት ይነግሩኛል። አይደለም፤ ማሽኑ የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ ነው፤ ደግሞም እስከዚያ ድረስ ደብዳቤዎቹ በላኪዎች ዘንድ በደህና ይጠብቃሉ። መፍትሔው ከሰርቨሩ ውጭ ያለ፣ በኔትወርክ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እንደ ሁለተኛ መንገድ መጨመር ነው። የልብ ትርታውም በአንድ ገመድ ብቻ መመላለስ የለበትም። ለድምፅ ብቻ የምትሆን፣ ምንም ደብዳቤ የማትይዝ አንዲት ትንሽ ሦስተኛ ማሽን ብትጨመር ደግሞ ምልዓተ ጉባኤው እውነተኛ ይሆናል።

ስለ ወጣቱ ባለሙያም ልናገር፤ ብዙ ስለተወቀሰ። ዲአርቢዲ ሁለቱን ዲስኮች አላገናኝም ሲል ትክክል ነበር፤ ከሁለት የተለያዩ ታሪኮች አንዱን መምረጥ የሰው ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ አንዱን መጣል ብቸኛ አማራጭ አልነበረም። ከመጣሉ በፊት የሚጣለውን ቅጂ ለንባብ ብቻ ከፍቶ ከዓርብ ማታ ወዲህ የገቡትን ፋይሎች መቅዳት ይቻል ነበር። በሜይልዲር እያንዳንዱ ደብዳቤ የማይጋጭ ስም ያለው ፋይል ነው ብያለሁ፤ ወደ ሌላው ሣጥን ቢጨመሩ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ይተርፉ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ እኔም በርክክቡ ሰነድ ውስጥ አልጻፍኩትም።

የዲስክ ማባዛት መጠባበቂያ ቅጂን እንደማይተካም ላስታውስ። ተጠቃሚው በስሕተት የሰረዘው ደብዳቤ በሁለቱም ዲስክ ላይ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው የኮምፒውተር ክፍል በጀቱን ለክላስተር ከሚያውል ይልቅ አንድ ጥሩ ማሽን፣ አስተማማኝ ባትሪና በየሌሊቱ የሚወሰድ፣ በየወሩም ተመልሶ የሚሞከር ቅጂ ቢኖረው እመርጣለሁ። ሊነኩት የሚፈሩት ክላስተር ባይኖር ይሻላል።

መሞከርን በተመለከተ፣ እኔ በርክክቡ ዕለት ያደረግሁት ፈተና አልነበረም። በሥርዓቱ የጠፋ ማሽን ተሰናብቶ ስለሚሄድ ጓደኛው አይጠራጠርም። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ተራ ቁጥር የተሰጣቸውን 10,000 ደብዳቤዎች በተከታታይ ትልካላችሁ፤ 250 የተባለባቸውን ቁጥሮች በላኪው በኩል ትመዘግባላችሁ። በመካከሉ ያለ ማስጠንቀቂያ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪኩን፣ ሌላ ጊዜ ገመዱን ትነቅላላችሁ። በመጨረሻ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ትቆጥራላችሁ። 250 ተብሎለት የሌለ አንድ ቁጥር ከተገኘ ሥርዓቱ ወድቋል። ሁለት ጊዜ የደረሰ ቁጥር ካገኛችሁ ግን አትደንግጡ። ሰርቨሩ ደብዳቤውን አስፍሮ 250 የሚለው መልስ ለላኪው ሳይደርስ ከወደቀ፣ ላኪው ደግሞ ይልካል፤ ይህ የድግግሞሽ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1988 ራሱን የቻለ ሰነድ ተጽፎለታል። ኤስኤምቲፒ ከመጥፋትና ከመደገም መምረጥ ሲኖርበት መደገምን ይመርጣል።

ሁለት ማሽኖች፣ አንድ ታዛዥ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና አንዲት ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ ማሽን በቤተ ሙከራችን ውስጥ ተጣምረው ተዘጋጅተዋል። ከጥያቄና መልሱ በኋላ አብረን እንወርዳለን፤ ደብዳቤዎቹን እኔ እልካለሁ። ገመዱን የሚነቅለው ከእናንተ አንዱ ነው፤ መቼ እንደሚነቅለው ግን አይነግረኝም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።